የመጨረሻዋ ሪቬት

በደንብ የተሠራ የአውሮፕላን ክንፍ ከየትኛውም ጎን ቢታይ ዝግ ነው። የላዩ ላሜራ፣ የታቹ ላሜራ፣ የፊት ጠርዝ፣ የኋላ ጠርዝ፤ ሁሉም በሪቬት ተይዟል። ድፍን ሪቬት ደግሞ ሁለት እጅ ትፈልጋለች። አንዱ እጅ በአየር በሚሠራ መዶሻ ከውጭ ይመታታል። ሌላው ከባድ የብረት መደገፊያ ይዞ ከውስጥ ይቀበላታል። ታዲያ ክንፉ ሲዘጋ የውስጠኛው እጅ በየት ወጣ? የመጨረሻዋ ሪቬት የትኛዋ ናት? ይህን ጥያቄ ይዞ ክንፉን የሚያገላብጥ ሰው የሠሪውን ሐሳብ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይሄዳል።

ክፍሎቹ በሳጥን ታሽገው የሚመጡለትና ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው አውሮፕላን ኪት ይባላል። በዓለም በብዛት ከተገጣጠሙት መካከል የአሜሪካው ቫንስ ኤርክራፍት አርቪ የሚላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ይገኛሉ። አርቪ-3 በ1971 እ.ኤ.አ. በረረ። ከዚያ ወዲህ ከ10,000 በላይ አርቪዎች ከሰው ጋራዥና ጓሮ ወጥተው በረዋል። ሳጥኑ ሲከፈት ተቆርጦና ተበስቶ ያለቀ ላሜራ፣ የታጠፉ አጥንቶች፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ በየከረጢቱ የተለየ ሪቬት ይወጣል። ለገዢው ትልቁን ድካም የሚያስቀርለት ግን መመሪያው ነው። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ሌላ ሰው አስቀድሞ አስቦበታል።

ያ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚከብድ በአገራችን የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ሠራ። ሞተሯ ባለ ሰባት ሲሊንደሩ ዋልተር ቬኑስ ነበር፤ ጉልበቱ 115 የፈረስ ጉልበት። ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ «እሸት» የተባለውን የግብርና አውሮፕላን ገጣጠመ፤ ንድፉ የአሜሪካው አይረስ ኩባንያ ነበር። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ በ2007 ዓ.ም. ሠርቶ ያወጣት ኬ-570ኤ አውሮፕላን የቮልስዋገን ሞተር ነበራት፤ ቁጥሩ የተሠራችበትን ቀን ብዛት ይነግራል። አየር መንገዱ በሌላ የተነደፈ ሥራ ተረክቧል። ዌበርና አስመላሽ ግን ቅደም ተከተሉንም ራሳቸው ማውጣት ነበረባቸው።

የአርቪ መመሪያ ከጭራ ይጀምራል። ጀማሪ ሰው ከክንፉ ወይም ከቀፎው ቢጀምር ደስ ይለው ነበር፤ አውሮፕላን የሚመስሉት እነሱ ናቸውና። ጭራው የሚቀድመው ትንሽና ርካሽ ስለሆነ፣ በውስጡም የቀረው ሥራ ሁሉ ስላለ ነው። ወጋግራ አለው፤ ስፓር ይሉታል። አጥንት አለው። ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ይለብሳል። የሚዞር ክፍል፣ ማጠፊያና ክብደት ማመጣጠኛ አለው። እዚህ የተበላሸ ላሜራ በሌላ ይተካል። ክንፍ ላይ የተበላሸ ስፓር ግን ዋጋው ሌላ ነው።

የሥራው ዑደት በመጀመሪያው ክፍል ላይ ይታወቃል። አጥንቱና ስፓሩ ይገጠማሉ። ላሜራው ይለብሳል። ሪቬት የለም፤ ቀዳዳዎቹን ክሊኮ የሚባሉ ባለ ሞላ ቆንጣጮች ይይዟቸዋል። ነጩ ክሊኮ ለ2.4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው፤ መዳብ የሚመስለው ለ3.2። ሁሉም በቦታው ሲቆም ቀዳዳዎቹ በትራፓኖ ወደ ትክክለኛ ልካቸው ይሰፋሉ። ከዚያ የተገጠመው ሁሉ እንደገና ይፈታል።

ጎብኚ የሚገረመው እዚህ ጋ ነው፤ ያለቀ የሚመስል ክፍል ተበታትኖ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል። ምክንያቱ ትራፓኖው በሁለት ላሜራ መካከል የሚተወው ፍቅፋቂ ነው። ፍቅፋቂው ካልጸዳ ላሜራዎቹ አይሳሙም። ሪቬቷ ስትመታም በመካከላቸው ታብጣለች እንጂ አታጠብቃቸውም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ከንፈር በሁለቱም ፊት ይላጋል። ጠርዙ በሊማ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የሪቬቷ ራስ ከላሜራው እኩል እንድትተኛ የቀዳዳው ዙሪያ በማሽን ይሰረጉዳል። ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ከዚህ በኋላ ብቻ እንደገና ይገጠማል፤ አሁን ለዘለቄታው።

ሪቬቷ ራሷ ልክ አላት። 3.2 ሚሊ ሜትር የምትወፍረዋ ከመመታቷ በፊት ከላሜራው ጀርባ የውፍረቷን አንድ ተኩል እጥፍ፣ 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል ትወጣለች። ከተመታች በኋላ የውስጡ ራሷ 4.8 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ 1.6 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። የቀዳዳው መሐል ከላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የውፍረቷን ሁለት እጥፍ ይርቃል። የተመታችው ሪቬት አጥራና ሰፍታ ከታየች ምቱ በዝቷል። ረዝማና ጠባብ ከቀረች አንሷል። ዘንባላ ከሆነች መደገፊያው ቀጥ ብሎ አልተያዘም። ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ መዶሻውና ስለ ሁለቱ እጆች መስማማት ሪቬቷ ብቻዋን ትመሰክራለች።

ቅደም ተከተል በአንድ ረድፍ ሪቬት ውስጥም አለ። ላሜራ ሲመታ በጥቂቱ ይለጠጣል። ከአንድ ጫፍ ተጀምሮ በተራ ቢመታ መለጠጡ እየተገፋ ሄዶ በሌላው ጫፍ ይከማቻል፤ እዚያም ላሜራው ይሸበሸባል። ስለዚህ ከመሐል ወደ ዳር ይሄዳሉ። የጭራው መሪ የኋላ ጠርዝ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። ሁለት ስስ ላሜራዎች ቀጭን ሽብልቅ በመሐላቸው አድርገው የሚገናኙበት ነው። ጠርዙ ቀጥ ካለ ብረት ጋር ታስሮ በማጣበቂያ ይያዛል። ማጣበቂያው ሲደርቅ በየአሥር ቀዳዳው አንዲት ሪቬት ትገባለች። ቀጥሎ የክፍተቶቹ እኩሌታ፣ ቀጥሎ የእኩሌታው እኩሌታ። ዓይንን ከጠርዙ ጫፍ አስተካክሎ ማየት ነው፤ ረድፉ በምን ተራ እንደተመታ ወዲያው ይታወቃል።

ክንፉ ላይ ሲደረስ ጥያቄው የእጅ ይሆናል። መጀመሪያ የላዩ ላሜራ ይመታል፤ ከታች ክፍት ስለሆነ መደገፊያ የያዘው ሰው እንደ ልቡ ይደርሳል። የታቹ ላሜራ ለመጨረሻ ይቆያል። በመካከሉ ሽቦው ይዘረጋል፤ የነፋስ ፍጥነት መለኪያው ቱቦ ይሄዳል፤ አይሌሮን የተባለውን የክንፍ ጫፍ መሪ የሚገፋው ክንድ ይታሰራል። ዳዶው ይጠብቃል። በዳዶው ጥርስና በብሎኑ ቀዳዳ ኮፒሊያ ያልፋል፤ ጫፉም ይታጠፋል። በጥብቅ ዳዶ ላይ የቀለም መስመር ይሰመራል። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ይህ ሁሉ እንደ ልብ የሚታየው ላሜራው ከመዘጋቱ በፊት ነው።

የታቹ ላሜራ ሲዘጋ መፍትሔው ክንፍ ሠሪውን ከኮት ሰፊ ጋር ያመሳስለዋል፤ ሰፊው ገበሩን የሚገለብጥበትን ቀዳዳ ለመጨረሻ እንደሚያስቀር ሁሉ ክንፍ ሠሪም የእጁን መውጫ አስቀድሞ ይመርጣል። ላሜራው በአንድ ማዕዘኑ ብቻ ይያዛል። የቀረው ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ እንዳይሰበር በሰፊው። ከማዕዘኑ ጥቂት ሪቬቶች ይመታሉ፤ ላሜራው ትንሽ ይለቀቃል፤ እንደገና ጥቂት። ክንድ በተቀለበሰው በኩል እስከ ትከሻ ይገባል። እየጠበበ ሲሄድ እጁ በአጥንቶቹ ክብ ቀዳዳዎች ያልፋል። በመጨረሻ የሚቀረው በክዳን የሚሸፈነው የመመርመሪያ መስኮት ነው። እጁ የሚወጣው በእሱ ነው።

የነዳጅ ታንኩ ግን መስኮት አይበቃውም። በክንፉ የፊት ጠርዝ ውስጥ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከሁለት ነገር ተቀይጦ የሚዘጋጅ ጥቁር ማሸጊያ ይቀባል፤ የተለመደው ዓይነት ከተቀየጠ በኋላ የሚሠራበት ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ሪቬቱ ተቆጥሮ፣ መሣሪያው ተደርድሮ፣ ረዳቱ ቆሞ ነው ቅየጣው የሚጀመረው። የነዳጅ መለኪያው፣ መምጠጫውና መተንፈሻው ቱቦ ከገቡ በኋላ የኋላው ግድግዳ ይዘጋል። ግድግዳው ከአጥንቶቹ ጋር የሚያያዘው ከአንድ ወገን ብቻ በምትሳብ፣ ጫፏ በተደፈነ ፖፕ ሪቬት ነው፤ ከውስጥ የሚቀበላት እጅ የለምና። ከዚያ ታንኩ በትንሽ አየር ይሞላል፤ መተንፈሻው ላይ ፊኛ ይታሰራል። ፊኛው እንደተነፋ ከቆየ ታንኩ አያፈስም።

መመሪያው የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ የሠሪው ቤት። የአዲስ አበባዋ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በስፋት ከመፍረሷ በፊት የነበሩትን ግቢዎች እናስብ፤ ዋና ቤት፣ ከጀርባው ሰርቪስ፣ ፊት ለፊት የቆርቆሮ በር። ከአርቪዎቹ የአንዱ፣ የአርቪ-7 አግድም የጭራ ክንፍ ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ሰርቪስ ውስጥ ይሠራል፤ ተሠርቶም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አንዱ ክንፍ ሦስት ሜትር ከምናምን ነው፤ በጠርዙ ቆሞ ግድግዳ ይዞ ይቀመጣል። ቀፎው 1.1 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በሰው በር አይወጣም፤ በመኪና በር ይወጣል። ሁለቱ ክንፎች ሲገቡበት ግን ወርዱ ሰባት ሜትር ተኩል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በየትኛውም በር አይወጣም። ስለዚህ ክንፎቹ ለልክ ብቻ ገብተው ይወጣሉ። ለዘለቄታው የሚገቡት አየር ማረፊያ ላይ ነው።

በዚያ የልክ ቀን የሚበሳ አንድ ቀዳዳ አለ። ክንፉ በዋናው ስፓር ላይ በጊዜያዊ ብሎን ይያዛል። ከፊት ጠርዙ ላይ ቱንቢዎች ይወርዳሉ። ክሮቻቸው በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፤ ክንፉ ወደፊትም ወደኋላም አላዘነበለም ማለት ነው። ከሁለቱ ክንፎች ጫፍ እስከ ጭራው አንድ ነጥብ ይለካል፤ ቀኝና ግራ እኩል ይሆናል። በውሃ ልክ የክንፉ የአቀማመጥ ማዕዘን ይታያል። ሁሉም ሲስማማ የኋላው ስፓር ከቀፎው ጋር በአንድነት ይበሳል፤ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከቀዳዳው መሐል እስከ ጠርዙ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት መቅረት አለበት። ስለዚህ ጠርዙ ከመበሳቱ በፊት ይለካል። ክሊኮ ይነቀላል፤ ላሜራ ይለወጣል፤ ይህ ቀዳዳ ግን ወደ ጎን አይገፋም።

ከአብራሪው የመሣሪያ ሰሌዳ በላይ ያለው የቀፎው ላሜራ ሳይመታ የሚቆይበት ምክንያትም የእጅ ነው። ከሥሩ ሽቦ፣ ቱቦና የመሣሪያዎች ጀርባ አለ። ላሜራው ከተመታ በኋላ ሠራተኛው ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ እያየ መሥራት ይኖርበታል። ሳይመታ ከቆየ ቆሞ ይሠራል። ሞተሩም ወደ መጨረሻ የሚመጣው በሌላ ምክንያት ነው፤ ሳይሠራ የተቀመጠ ሞተር ውስጡ ይዝጋል። የአሰሳና የመገናኛ መሣሪያ ደግሞ በየጊዜው ይሻሻላል፤ ቀድሞ የተገዛ በበረራው ቀን ያረጃል። ቀለሙ ላይም ተራ አለ። የሚዞሩት ክፍሎች ክብደት የሚመጣጠነው ከተቀቡ በኋላ ነው፤ ቀለም ክብደት አለውና። ከመቀባታቸው በፊት ከተመጣጠኑ እንደገና ይለካሉ።

እንግዲህ ያለቀ ኪት ፊት የቆመ ሰው ሁለት ነገር ማየት ይችላል። አንደኛው ፖፕ ሪቬት የገባበት ቦታ ነው። ነዳጅ ታንኩ ላይ ንድፉ ያዘዘው ነው። ንድፉ ድፍን ሪቬት ባለበት ቦታ ከተገኘ ግን ሠሪው እጁ ሳይደርስ ዘግቷል ማለት ነው። ሁለተኛው በሪቬት ያልተዘጋው ነው። የመመርመሪያው መስኮት፣ የወለሉ ክዳን፣ የክንፉ ጫፍ በካቻቢቴ ይፈታሉ፤ ዳዶዎቻቸው ከላሜራው ጀርባ ተሰክተው ይኖራሉ፤ ብሎኑን ለማስገባት ከውስጥ የሚይዝ እጅ አያስፈልግም። ክዳኑ በሪቬት ቢዘጋ ቀላል ይሆን ነበር፤ ሥራውም ቀድሞ ያልቅ ነበር። ሠሪው ግን ከዓመታት በኋላ ኮፒሊያዋን ለማየት የሚመጣውን መካኒክ አስቦለታል። ቅደም ተከተሉ የሚያልቀው በእሱ ተራ ነው።