‹‹ከማንኛውም ንብረት ነፃ››

በአገራችን ቢሮዎች በብዛት ከሚሞሉና ማንም አስተውሎ ከማያነባቸው ጽሑፎች አንዱ ክሊራንስ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ከበር በር ይዞራል። ንብረት ክፍል ይፈርማል፤ ሒሳብ ክፍል ይፈርማል፤ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ይፈርማል። በስተመጨረሻ ማኅተም ያርፍበትና ሰውየው ‹‹ከማንኛውም ንብረት ነፃ›› ይባላል። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ ‹‹ጽሑፉ ያለውን ብቻ ሳይሆን ሳይል ያለፈውንም አንብቡ›› እል ነበር። በዚህ ዐይን ሲነበብ ክሊራንስ የሚያስደንቅ ድርሰት ነው። ወንበሩን፣ ቁልፉን፣ መታወቂያውን፣ ካልኩሌተሩን ሳይቀር ያስታውሳል። ወንበሩ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው ሰው ምን ያውቅ እንደነበር ግን አንዲት መስመር የለውም።

ጉድለቱ በሁሉም ሙያ አለ። በኮምፒዩተር አገልግሎት ሲሆን ግን ቶሎ ይጋለጣል። ራጉኤል አካባቢ ካሉት የንግድ ሕንፃዎች በአንዱ ቢሮ ያለውን፣ ስሙን የማልጠቅሰውን አንድ አስመጪ ድርጅት ለምሳሌ ልውሰድ። የአይቲ አገልግሎቱን ስድስት ዓመት የመራው ወጣት የተሻለ ደመወዝ አገኘና መልቀቂያ አስገባ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚያዘውም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በነዚህ 30 ቀናት ውስጥ ‹‹የምታውቀውን ንገረኝ፣ ልጻፈው›› ብሎ ደብተር ይዞ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ‹‹እስካለህ ድረስ እቺንም›› እየተባለ ፕሪንተር ሲጠግን ወሩ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ላፕቶፑ ተቆጠረ፤ ቦርሳው ተቆጠረ፤ ቻርጀሩ ‹‹የመጀመሪያው አይደለም›› ተብሎ ግማሽ ቀን ክርክር ተካሄደበት። ከዚያ ተፈረመ።

ማንም ያልጠየቀው ደግሞ ይኸውላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ስዊች በእጅ ጠፍቶ ካልተነሣ ሰርቨሩን የሚያገኘው የለም። የመጠባበቂያ ቅጂው ዲስክ የሚቀመጠው በገንዘብ ያዧ መሳቢያ ውስጥ ነው። የሶፍትዌሩን ፈቃድ አሳድሱ የሚለው ማሳሰቢያ የሚመጣው በልጁ የግል ኢሜይል ነው።

በበዓል ሰሞን፣ መርካቶ ውስጥ መፈናፈኛ በሚጠፋበት ቀን፣ መብራት ሄደና መጣ። ሰርቨሩ ግን አልመጣም። መጋዘን ውስጥ ስንት ካርቶን እንዳለ የሚናገር ጠፋ፤ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት ሱቅ አለፈ። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ይህ የወደቀበት አዲሱ ልጅ ‹‹የበፊቱ እኮ እንዲህ አያደርገንም ነበር›› ተባለ። በማያውቀው ነገር ጥፋተኛ ሆነ ማለት ነው። ማታ ማታ ለቀዳሚው መደወል ጀመረ። ቀዳሚውም አራት አምስቴ በነፃ ከረዳው በኋላ ስልኩን ማንሣት ተወ። የድርጅቱ ባለቤት ‹‹ከዳን›› አሉ። የልጁ መልስ አጭር ነው፤ ‹‹የተረከቡትን ፈርመዋል።››

እኔን የሚገርመኝ ይህ የሆነው መርካቶ ውስጥ መሆኑ ነው። ዕውቀት ራሱ ዕቃ መሆኑን የመርካቶ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቃል። የቆየ ሻጩ ሊለቅ ሲል ዕቃ ቆጥሮ ብቻ አያሰናብተውም። የዱቤ መዝገቡን አብረው ይገልጣሉ፤ ‹‹ይኼኛው የሚከፍለው ከገበያ ማግስት ነው፤ የዚህኛው ቃል አይታመንም›› ይባባላሉ። ታዲያ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲደርስ ይህን ጥበብ ለምን ይረሳዋል? ብሩን ከፍሎ ገዝቶታልና ዕውቀቱም አብሮ በሣጥኑ የመጣ ይመስለዋል።

ከራጉኤል ወጣ ብለን ብናየውም ጥያቄው ያው ነው። በኅዳር 2003 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኢትዮ ቴሌኮም ሲተካ፣ አስተዳደሩም ለፍራንስ ቴሌኮም በውል ሲሰጥ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በአዲሱ መዋቅር ቦታ አላገኙም። የድርጅት መብትና ግዴታ በአንቀጽ ይተላለፋል። ሃያ ዓመት ኬብል ሲቀጥል የኖረ ሰው የትኛው ጉድጓድ ክረምት ላይ ውኃ እንደሚያስገባ ያወቀው ግን በየትኛው አንቀጽ ይተላለፋል?

መላው አልጠፋም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስጀመረውና አይቲል የሚባለው የአሠራር መመሪያ፣ ብልሽት ሲጠገን መንስኤውና መፍትሔው ለሚቀጥለው ሰው እንዲመዘገብ ይመክራል። ሥልጠናውን በኛም ከተማ የወሰዱ አሉ። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መዝገቡ ግን ባዶ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአሠሪው ላይ ብጭን ግን አድልዎ ይሆናል። ወጣቱ ራሱ ‹‹እሱ ካልመጣ አይሠራም ሲባል ደስ ይለኝ ነበር›› ብሎ አጫውቶኛል። ደስታው ዋጋ አስከፍሎታል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስልኩን ዘግቶ ዕረፍት አልወጣም። ዕድገት ሲመጣም ‹‹አንተን ከዚያ ማንሣት አይቻልም›› ተብሎ ለሌላ ተሰጠ። የማይተካ መሆን እስር ቤት እንደሆነ የገባው ሲወጣ ነው። ይሁንና ዕውቀቱን ደብቆ የሚይዝ ሠራተኛ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። የሚያውቀውን ሁሉ ጽፎ ያስረከበ ባልደረባው በማግስቱ ‹‹እንግዲህ ምን ታደርግልናለህ?›› ሲባል አይቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቤት ደብተር ከመጠየቁ በፊት መተማመኛ ይስጥ።

የቅኔ ቤት ሰዎች በዚህ ይበልጡናል። የበረታው ተማሪ ታናናሾቹን እያስጠና ነው የሚማረው። ከጉባኤው ሲወጣ ትምህርቱ በሌላ ሰው ራስ ውስጥ አድሯል።

እንግዲህ 30ዎቹ ቀናት ለዕቃ ቆጠራ ከሆኑ ሃያ ዘጠኙ ትርፍ ናቸው። ተተኪው አጠገብ ይቀመጥባቸው፤ ዋና ዋናውን ሥራ ሁለት ሰው ይወቀው፤ ክሊራንሱም ላይ ‹‹የሚያውቀውን ለማን አስረከበ?›› የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። እስከዚያው ድረስ ግን ባንክም ሆነ ቢሮ ሄደን ‹‹ሲስተም የለም›› ስንባል፣ አንዳንዴ ሲስተሙ አለ፤ የሌለው ሰውየው ነው። ‹‹ከማንኛውም ንብረት ነፃ›› ተብሎ ከሄደ ቆይቷል።