«ሙላ» የሚለው ትእዛዝና የቤት ባትሪ ቃላት
በአንድ የትርጉም መመሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በዳንግላ ከተማ፣ ከፀሐይ ኃይል ዕቃዎች ጋር አብሮ የሚሰጥ ጥቂት ገጾች ያሉት የአማርኛ መመሪያ እጃችን ገባ። የሚናገረው የቤት ባትሪ እንዴት እንደሚተካና ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ሲሆን፣ ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎመ ነው። ሒሳችን የሚያተኩረው በአተረጓጎሙ ስልት ላይ በመሆኑ አዘጋጁን በስም መጥቀስ አላስፈለገንም።

ሂሱን እንድንጽፍ ያነሣሣን በአንድ ጥገና ቤት ያየነው የተበላሸ ባትሪ ነው። ባለቤቱ ከመብራት መስመር ርቆ የሚኖር ገበሬ ሲሆን፣ አፉን የፈታው በአዊኛ ነው፤ አማርኛን የተማረው በትምህርት ቤትና በገበያ ነው። መመሪያው ባትሪው «ሲጎድል ይሙሉ» ይላል። ገበሬው መብራቱ ሲደክምበት የታዘዘውን ፈጸመ፤ ክዳኖቹን ከፍቶ የጎደለውን ሞላ። የሞላው ግን አሲድ ነበር። አሲድ በተጨመረ ቁጥር የፈሳሹ ጥንካሬ ከመጠን በላይ ይወጣና የእርሳስ ሰሌዳዎቹን ይበላል። ባትሪው የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይም ሰሌዳዎቹ በሰልፌት ይደድራሉ። ታዲያ ስሕተቱ የአንባቢው ነውን? በእኛ አስተያየት አይደለም። ስሕተቱ የግሡ ነው።

በፈሳሽ የሚሠራ የእርሳስ ባትሪ ሁለት ነገር ይሞላል፤ አንደኛው የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሁለተኛው የተጣራ ውሃ ነው። የአሠራሩም ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ፈሳሹ በኃይል ሙሌት ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ሰሌዳዎቹ ካልተራቆቱ በቀር ውሃ የሚጨመረው ኃይሉ ከሞላ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከተጨመረ ፈሳሹ ገንፍሎ ይፈስሳል። ተርጓሚው ለሁለቱም ተግባር አንድ «መሙላት» ብቻ በመጠቀሙ፣ ትእዛዙ «ከሞላ በኋላ ሙላ» እንደ ማለት ሆኖ አረፈው።

«አንባቢ ከዐውዱ ይረዳል» የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ተናጋሪው ሕዝብ ራሱ በዐውድ ብቻ አልተማመነም። በእጅ ስልክ ረገድ «ካርድ ሞላሁ» እና «ቻርጅ አደረግሁ» ብሎ ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ ኃይሉ ሲያልቅም «ቻርጅ ጨረሰ» ይላል እንጂ «ጎደለ» አይልም። ሕዝቡ የፈታውን ቋጠሮ መመሪያው መልሶ ቋጠረው። «ቻርጅ» ባዕድ ነው ብሎ የሚሸሽ ተርጓሚም «ባትሪ»ን ያለ ሐፍረት መጻፉን ማስታወስ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉድለት በባትሪው ስያሜ ላይ ይታያል። በውጭ አገር ሰው እንዲያድርባቸው እንደ ቤት የተሠሩ ተሽከርካሪዎች ሁለት ዓይነት ባትሪ ይይዛሉ። አንዱ ሞተር ያስነሣል፤ ሌላው የመኖሪያውን ክፍል መብራትና ማቀዝቀዣ ያሠራል፤ ባለቤቶቹም ይህንኑ «የቤት ባትሪ» ይሉታል። የመጀመሪያው ለጥቂት ሴኮንዶች ብዙ ኮረንት እንዲሰጥ በስስ ሰሌዳዎች የተሠራ ነው፤ ደጋግሞ እስከ ታች ቢራገፍ ፈጥኖ ይሞታል። ሁለተኛው ለረጅም ሰዓት ቀስ እያለ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። መመሪያው ይህን ልዩነት «ባለ ጥልቅ ዑደት» በሚል ሐረግ ሊገልጸው ሞክሯል። ሐረጉ ቃል በቃል የተገለበጠ ስለሆነ፣ ምን እንደሚጠልቅና ምን እንደሚዞር ለአማርኛ አንባቢ አይነግረውም። «የማስነሻ ባትሪ» እና «የቤት ባትሪ» ቢባል ግን፣ የመኪና ባትሪ ገዝቶ ለማታ መብራት ሊያውል ያሰበ ሰው ከስሙ ብቻ ይጠነቀቅ ነበር።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው «ትይዩ» ነው። ቃሉ በትምህርት ቤት ሒሳብ ጎን ለጎን ሄደው የማይገናኙ መስመሮችን ያመለክታል፤ በዕለት ንግግር ግን «ፊት ለፊት፣ አንጻር» ማለት ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ 24 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት ይሆናሉ፤ በትይዩ ሲያያዙ 12 ቮልትና 200 አምፔር-ሰዓት ይሆናሉ። «በትይዩ አገናኝ» የተባለ ሰው ቃሉን በዕለት ንግግር ፍቺው ከወሰደው፣ የአንዱን አዎንታዊ ጫፍ ከሌላው አሉታዊ ጫፍ ጋር በሁለቱም ወገን ሊያጋጥም ይችላል። ውጤቱ የሚያቃጥል ሽቦና ሊፈነዳ የሚችል ባትሪ ነው።

«መለወጥ» የሚለውም በጥቂቱ ይታረም። አሮጌን በዓይነቱ አዲስ መተካት አንድ ነገር ነው፤ የእርሳሱን አውጥቶ ሊቲየም ማስገባት ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው የኃይል መሙያው ልክ አብሮ መስተካከል አለበት፤ የውሃውም ትእዛዝ ጨርሶ ይቀራል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። በቤት ባትሪ ጽሑፍ ውስጥ «መሙላት» ያለ ተሳቢ አይግባ፤ ወይ «ኃይል መሙላት»፣ ወይ «ውሃ መጨመር» ይባል። «ቻርጅ ማድረግ» ለሕዝብ መመሪያ ተቀባይነት ይኑረው። «ተከታታይ» ባለበት ይጽና፤ «ትይዩ» ግን «አዎንታዊ ከአዎንታዊ፣ አሉታዊ ከአሉታዊ» ከሚል ማብራሪያና ከሥዕል ተለይቶ አይታተም። ከዚህም ሁሉ በፊት ረቂቁ ለገበሬው ይነበብለትና ሊያደርግ ያለውን በእጁ ያሳይ። እጁ ወደ አሲዱ ጀሪካን ከሄደ፣ መታረም ያለበት ረቂቁ ነው።