የ«ሳንኮፋ» ፍርድ ለእኛም ነው

ሞና ካሜራ ፊት መቆም እንጀራዋ የሆነ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ጋና ውስጥ፣ ኬፕ ኮስት ላይ፣ ባሮች በመርከብ ይጫኑበት በነበረው ምሽግ ደጃፍ ነጭ ፎቶ አንሺ «እንዲህ ዙሪ፣ እንዲያ ሳቂ» እያላት በደማቅ ልብስ ትሽከረከራለች። አንድ ከበሮ መቺ ሽማግሌ መሬቱ ደም የፈሰሰበት የተቀደሰ ስፍራ መሆኑን እየጮኸ ይገሥጻታል፤ ወታደሮች ገፍተው ያባርሩታል። ከጎብኚዎች ጋር ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ግን ጨለማው ይውጣታል። በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ከግራ ከቀኝ ይከቧታል። ሮጣ ለማምለጥ ስትሞክር የባሪያ ነጋዴዎቹ ይይዟታል። አፍሪካዊት እንዳልሆነች፣ አሜሪካዊት እንደሆነች እየጮኸች ትነግራቸዋለች። የሚሰማት የለም። ልብሷ ይገፈፋል፣ የጋለው ብረትም ጀርባዋ ላይ ያርፋል።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለዕይታ ያበቃው «ሳንኮፋ» ከዚህ ትዕይንት ጀምሮ ተመልካቹን ለሁለት ይከፍላል። አንዱ ወገን ከሞና ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። ፊልሙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። የአርበኛውና የደራሲው የገሪማ ታፈረ ልጅ የሆነው ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ፤ ከዚያም ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ስለ አሜሪካ ባርነት ከተሠሩት ፊልሞች እጅግ ደፋር ከሆኑት አንዱን የሠራው እንግዲህ የእኛው አገር ሰው ነው። እኛ ግን በሠሪው ስንኮራ የሠራውን ነገር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ማየት ይቀናናል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

«ሳንኮፋ» በበርሊን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ነበር። አሜሪካ ሲመለስ ግን አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። ኃይሌና ባለቤቱ፣ የፊልሙ ተባባሪ ፕሮዲዩሰር ሺሪኪያና አይና፣ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ፤ ማኅበራትና የሰፈር ሰዎች ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ አዳረሱት። ጥቁር አሜሪካውያን ተሰልፈው ገቡ፤ ብዙዎቹም ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለመወያየት ቀሩ። ከተቺዎች መካከል ግን ስሜቱ ያለ ልክ ጎልቷል፣ ስብከቱ በዝቷል፣ ነጮቹ ሰው አይመስሉም የሚሉ ነበሩ። አንዱ ፊልም ለአንዱ ተመልካች የሙታን መታሰቢያ፣ ለሌላው የከረረ ክስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኤቫ ዱቨርኔ ድርጅት አሬይ ምስሉን አሳድሶ በኔትፍሊክስ ሲያቀርበው፣ በሃያ ስምንት ዓመቱ አዲስ ትውልድ አገኘ።

ክርክሩን ያባባሰው የአቀራረቡ ስልት ነው። ኃይሌ ታሪኩን በቀጥታ መስመር አይተርክም። ሞና ወደ ኋላ ተመልሳ በሉዊዚያና እርሻ ላይ ሾላ የምትባል የቤት ውስጥ ባሪያ ትሆናለች፤ ከዚያ ወዲያ ጊዜ በከበሮ ምት ይሄዳል። ገና ከመክፈቻው ጀምሮ የሙታንን መንፈስ የሚጠራ ድምፅ ይሰማል፤ ከበሮ መቺውን ሽማግሌ የሚጫወተውም ራሱ ስመ ጥሩ የጋና ከበሮ መቺ ኮፊ ጋናባ ነው። የሸንኮራ አገዳው እርሻ፣ የቆንጮራው ብልጭታ፣ የሚያንጎራጉሩት ሴቶች እየተመላለሱ ይመጣሉ። ታሪክ በቀን በቀኑ ተሰድሮ እንዲነገረው የለመደ ተመልካች ግራ ይጋባል። ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲወጣ ያደመጠ ሰው ግን መንገዱ አይጠፋውም። ኀዘን እየደጋገመ ነው የሚናገረው፤ ኃይሌም ፊልሙን የገነባው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ስልቱ ምን ያህል እንደሚሠራ በአንድ ትዕይንት ማሳየት ይቻላል። ኩታ የምትባል ነፍሰ ጡር ሴት ልታመልጥ ስትል ተይዛ በጅራፍ ትገረፋለች። ሕይወቷ ያልፋል፤ በሆዷ ያለው ልጅ ግን በሕይወት አለ። የጋናዋ ተዋናይት አሌክሳንድራ ዱዋህ የምትጫወታት ኑኑ ሕፃኑን ከሟች እናቱ ማህፀን ለማውጣት ስትነሳ፣ ሠራተኞቹ ቆንጮራቸውን እንደያዙ ይከቧታል። ካሜራው ደሙን ለማሳየት አይቸኩልም፤ የቆሙትን ሰዎች ፊት ነው የሚያየው። ፊልሙ ስለ ዐመፅ ብዙ ንግግር ቢያሰማም ዐመፁ የሚወለደው እዚህ ቃል በሌለበት ቦታ ነው።

ይህን ፊልም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተወያይቼበታለሁ። እነዚህ አዲስ አበባን የከበቡ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ ፋብሪካና እርሻ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ናቸው። የሰማኋቸው አስተያየቶች ፊልሙን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይገልጻሉ።

ሱሉልታ ያለ አንድ መምህር ወዳጄ አዘነ፣ እንባውም መጣ፤ ቀጥሎ ግን «ይሄ የእነሱ ጣጣ ነው፤ እኛ ዐድዋ አለን» አለኝ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው። ከሞና ጩኸት ጋር ያለው ዝምድና አስደንጋጭ ነው። እሷም በጭንቋ ጊዜ ያለችው «እኔ ከእነዚህ አይደለሁም» ነው። ደግሞም የዐድዋን ድል የሚዘክር ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው ራሱ ኃይሌ ነው። ለእሱ ሁለቱ ሥራዎች አይጣሉም፤ ዐድዋ ባርነትን ላለማየት መሸሸጊያ ሊሆን አይችልም።

ታሪካችን የሚለውም ይህንኑ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ አገሮችና ከደቡብ ምዕራብ የሚነሱ ቅፍለቶች ሰው እየነዱ በጎጃም ወደ ባሶ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ መተማ ይሄዱ ነበር። በሸዋ በኩል ደግሞ ከየረር ተራራ አጠገብ የነበረው የሮጌ ገበያና ከአንኮበር በታች ያለው አብዱል ረሱል ሰው የሚሸጥባቸው ታላላቅ ገበያዎች ነበሩ። ሮጌ ዛሬ አዲስ አበባ ካለችበት ቦታ ሩቅ አልነበረም። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ባሮች የሚደነግግ አንቀጽ ነበረው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ዋናው መከራከሪያ ነበር፤ በ1916 እና በ1923 ዓ.ም. ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀሩ ዐዋጆች ወጡ። ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ ነው። ከዐድዋ ድል ዐርባ ስድስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ዝምታችን ምክንያት አለው። ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር ካቀረባቸው ሰበቦች አንዱ «ባሮችን ነፃ ላወጣ» የሚል ነበር። ጠላት የተናገረውን እውነት መድገም ከጠላት ጋር መተባበር ይመስላል። ከዚያ በኋላ ያለው ትውልድ ጉዳዩን እንዳይነሳ አድርጎ ቀበረው። ነገር ግን የተቀበረው ነገር በጋብቻ ወቅት ይነሳል። ሽማግሌ ተልኮ «አጥንቱ ይጣራ» ሲባል ምን እንደሚጣራ ሁላችንም እናውቃለን። የአያት የቅድመ አያት ባርነት ዛሬም ሙሽራ የሚያስቀርበት ቤት አለ። «ሳንኮፋ» ወደ ኋላ ተመልሰን የረሳነውን እንድናነሳ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ለሉዊዚያና ብቻ ሊሆን አይችልም።

የሰበታው አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። በፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ አንድ ወጣት ከሁሉ በላይ ልቡን የያዙት ኖብል አሊና ጆ ናቸው። ሁለቱም ባሮች ናቸው፤ ነገር ግን በባሮች ላይ ተሹመው ጅራፍ ይዘዋል። «ካቦ የሌለበት አገር የት አለ?» አለኝ። ደመወዝተኛና ባሪያ አንድ አይደሉም፤ ደመወዝተኛው ሥራውን ትቶ መሄድ ይችላል፣ ልጁም አይሸጥበትም። ያም ሆኖ ወጣቱ የፊልሙን እምብርት አግኝቷል። ኃይሌ የሚያሳየን ሥርዓት የሚቆመው በጌታው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ከተገዢዎቹ መካከል ተመርጦ ወንድሙን የሚገርፍ ሰው ያስፈልገዋል። ኖብል አሊን ጸጸት ይይዘዋል፤ በሌሊት ከሚዶልቱት ጋር ይቀላቀላል። ጆ ግን ሌላ ነው። እናቱ ኑኑ በልጅነቷ በባሪያ መርከብ ላይ በነጭ ተደፍራ የወለደችው ልጅ ሲሆን፣ የእናቱን ደም እየጠላ ያደገ፣ ለካቶሊኩ ቄስ ለአባ ራፋኤል ነፍሱን የሰጠ ሰው ነው። በመጨረሻ እናቱን በገዛ እጁ ይገድላል። ፊልሙ ውስጥ ከዚህ የከፋ ነገር የለም፤ ከዚህ የጠለቀም የለም።

ቡራዩ የምትኖር አንዲት እናት የተቀየመችው እዚህ ላይ ነው። «ልጄ፣ ቄስ እንዲህ ሆኖ ሲታይ ሰው ከእምነቱ አይወጣም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅሬታዋ ተራ አይደለም። በፊልሙ ውስጥ ክርስትና የሚታየው በጌታው በኩል ብቻ ነው፤ ቄሱ፣ እናቱ አረማዊት፣ የሰይጣን ወገን ናት እያለ ጆን ያሳምነዋል። በአሜሪካና በካሪቢያን እርሻዎች ወንጌል ሰውን ለማስገዛት መዋሉ የታወቀ ሐቅ ነውና ኃይሌ አልዋሸም። ጎዶሎ ግን አድርጎታል። ይህች እናት እሑድ እሑድ በኦሮምኛ የሚነበበውን መጽሐፍ ቅዱስ ትሰማለች። ያን መጽሐፍ መጀመሪያ ሙሉውን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ የተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦኔስሞስ ነሲብ ነው። እንደ እሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ በሥራው ከጎኑ ነበረች፤ መጽሐፉም በግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ሁለት የተሸጡ ልጆች ለሚሊዮኖች በቋንቋቸው የሚጸልዩበትን መጽሐፍ ሰጡ። በጌታ እጅ ሰንሰለት የነበረው ነገር ነፃ በወጣ ሰው እጅ ሌላ መሆን እንደሚችል «ሳንኮፋ» ቦታ አልሰጠም። ይህ የፊልሙ ትልቁ ድክመት ነው።

ሌሎችም አሉ። ነጮቹ ገጸ ባሕርያት ሁሉ አንድ መልክ ናቸው፤ ክፋት ደግሞ ፈገግ ሲል ይበልጥ ያስፈራል። የሾላ ትረካ ዓይናችን ያየውን መልሶ በቃል ይነግረናል። ጃማይካዊው ገጣሚ ሙታባሩካ የሚጫወተው ሻንጎ ሲናገር ሰው መሆኑ ቀርቶ ዐዋጅ የሚያነብ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው የኩዌንቲን ታራንቲኖ «ጃንጎ» ጋር ሲነጻጸር የኃይሌ ብልጫ ጎልቶ ይታያል። «ጃንጎ» ውስጥ አንድ ሽጉጥ አዋቂ ለሚስቱ ሲል ይበቀላል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ፊልም ሠሪው ስፓይክ ሊ ያን ፊልም ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም፤ የቅድመ አያቶቹን ክብር እንደሚነካ አድርጎ ነበር ያየው። በ«ሳንኮፋ» ለማጨብጨብ የሚመች ጀግና የለም። ዐመፁ የብዙ ሰው ነው፤ ፍርሃትና ክህደትም የብዙ ሰው ነው።

ኃይሌ የአገር ቤትን ጭቆና ከማሳየት አልሸሸም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ባለርስትና ጭሰኛን ፊት ለፊት አቆመ፤ «ጤዛ» ደግሞ የደርግን ዘመን መከራ አሳየ። «ጤዛ»ን በአማርኛ ስላናገረን፣ ቁስሉንም ስለምናውቀው ተቀበልነው። የአገራችንን ባርነት በዚህ አቅም የመረመረ ፊልም ግን እስካሁን አላየሁም። ይህ የኃይሌ ዕዳ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የማን ልጅ ማንን ሸጠ፣ ማንስ ገዛ የሚለው ጥያቄ በአንድ ብሔር ወይም በአንድ እምነት ላይ የሚደፋ አይደለም፤ ነጋሹም፣ ነጋዴውም፣ ባላባቱም፣ ቅፍለቱ ያለፈበት አገርም ድርሻ አለው። ፊልም ሠሪዎቻችን የሚፈሩት ምናልባት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። «ሳንኮፋ» ጉድለት ያለበት ታላቅ ፊልም ነው፤ ታላቅነቱም ተመልካቹን ከዳኝነት ወንበር አውርዶ ከተከሳሾች መካከል ስለሚያስቀምጠው ነው። በአማርኛና በኦሮምኛ ትርጉም ተጽፎበት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አዳራሾችና ትምህርት ቤቶች መታየት አለበት፤ ከታየም በኋላ ውይይቱ ከሉዊዚያና ተነስቶ ስለ ሮጌ መቀጠል አለበት። መምህሩ፣ የፋብሪካው ሠራተኛና እናትዬዋ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ቢከራከሩ እኔ ብቻዬን ከጻፍኩት የተሻለ ሂስ ይወጣቸዋል። በመታሰቢያ ቀን ስለ ሌሎች ባርነት ማልቀስ ቀላል ነው። ከባሪያ ቤተሰብ የተወለደች ልጅ ለልጃችን ስትታጭ ደስ ብሎን ድግስ የምንደግስ ከሆነ፣ ያኔ ፊልሙን በእውነት አይተነዋል ማለት ነው።