ፋይሉ ተቀይሯል፤ ሰዓቱ ግን አልነገረንም

ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ የመመረቂያ ዳታችሁን በአርሲንክ ባክአፕ ታደርጋላችሁ እንበል። አርሲንክ ፋይል መቀየሩን የሚለየው በመጠኑና በመጨረሻ በተጻፈበት ሰዓት ነው። ፕሮግራማችሁ በኤምማፕ፣ ማለትም ፋይሉን ሚሞሪ ላይ ዘርግቶ ከጻፈ ግን ሰዓቱን አትመኑት። ሊነክስ በኤክስት4 ላይ ሰዓቱን የሚያድሰው አንድ ገጽ፣ በተለምዶ 4096 ባይት፣ መጀመሪያ ሲጻፍበት ነው። ገጹ ወደ ዲስክ እስኪወርድ ደጋግሞ ቢጻፍበትም ሰዓቱ ንቅንቅ አይልም። የገባችሁበትን ሰዓት መዝግቦ ውስጥ የሠራችሁትን የማያይ የግቢ ዘበኛ በሉት። በመሃል ባክአፕ ከተደረገ፣ ከዚያ ወዲያ የተጻፈው በቀጣዩ ዙር ሊዘለል ይችላል።

ለፍጥነት ሲባል ነው፣ ይገባኛል። ግን የፖሲክስ ደንብ ሰዓቱ ከተጻፈ በኋላ፣ እስከ ቀጣዩ ኤምሲንክ ድረስ ይታደስ ይላል፤ ሊነክስ ቀድሞ ያድሰዋል። እናንተ አርሲንክን በቼክሰም አስኬዱት፦ ይዘገያል፣ ግን ሰዓቱን ሳይሆን ይዘቱን ያያል።