ድመትን በዲጂታል ሰሌዳ ላይ ስለ መሣል
ሥዕልን ገና የሚለማመድ ሰው ከፍጥረታት ሁሉ ድመትን መርጦ በታብሌት ላይ ሲሥል ማየት ልቤን ደስ ያሰኘዋል፤ የትከሻዋ አጥንት ከቀረው አጽሟ ጋር በጡንቻ የተያያዘ በመሆኑ እንደ ውሃ በየቅርጹ የምትተጣጠፈው ይህች ፍጥረት ዓይንን ትዕግሥት የምታስተምር መምህርት ናትና። ሊቁ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1510ዎቹ፣ በስተርጅናው፣ ዛሬ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በምትጠበቅ አንዲት ገጽ ላይ ድመቶችን ተኝተው፣ ገላቸውን ሲልሱ፣ ሲተናነቁ ደጋግሞ ሥሏል፤ በመካከላቸውም፣ የጀርባቸው መጠማዘዝ አስታውሶት ይመስለኛል፣ አንድ ዘንዶ ይታያል።

ለጀማሪው የዲጂታሉ ሰሌዳ ታላቅ ጸጋ ሌየር የሚሉት፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር ግልጽ ገጽ ነው፤ ክሪታን በመሰለ ያለ ዋጋ በሚገኝ ፕሮግራም፣ በታችኛው ሌየር ላይ የድመቷን ክብ ራስና ሞላላ አካል ነድፎ፣ ያንንም አደብዝዞ፣ በላዩ ባዶ ሌየር ዘርግቶ ንጹሑን መስመር ሲያወጣ፣ ረቂቁ ሳይበላሽ ይቆይለታል። ጢሟን ግን በዝግታ የሣለ እንደ ሆነ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ብዕሩን ከጉንጯ ላይ ጫን አድርጎ ጀምሮ በአንድ እስትንፋስ ወደ ውጭ ቢስበውና እጁን እያቀለለ ቢሄድ፣ ብዕሩ የእጅን ጫና ስለሚለይ፣ ጢሙ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይወጣል፤ ይህች አንዲት መስመር በሠመረች ጊዜ በጀማሪው ልቡና የሚያድረው ሐሤት በእውነት ታላቅ ነው።