ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ

አዲስ መጤን «ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ» እንለዋለን። አባባሉ አጭር ነው፤ ግን ሁለት ችግር ለይቶ አስቀምጧል። አንዱ የአገር ነው፤ ብርዱ፣ ውኃው፣ ምግቡ፣ መንገዱ። ይሄኛው በጥቂት ወራት ይለመዳል። ሁለተኛው የሰው ነው። ማንን ጋሼ ማንን እትዬ እንደሚሉ፣ ለቅሶ በስንተኛው ቀን እንደሚደረስ፣ ዝምታ መቼ ስምምነት መቼ ኩርፊያ እንደሆነ ማወቅ ነው። ይሄ ዓመታት ይፈጃል፤ ሳይለምደው የሚሄድም ሞልቷል። በሰው አገር ሥራ ይዘው፣ ቤት ሠርተው ስለመኖር የተጻፉ መጻሕፍትን የምመዝነው በዚሁ አባባል ነው። ጸሐፊው የለመደው አገሩን ብቻ ነው ወይስ ሰዉንም?

ለዚህ ሚዛን ከስሜን ተራሮች የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሲ. ደብሊው. ኒኮል የሚባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው የዌልስ ተወላጅ፣ ጃፓናዊት ሚስቱን ይዞ ወደዚያ ወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ሊቋቋም የታሰበውን ብሔራዊ ፓርክ በኃላፊነት መጀመር ነበር። በ1963 በሰር ጁሊያን ሀክስሌይ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን ኢትዮጵያ መጥቶ ነበርና የዱር እንስሳት ጥበቃ ጉዳይ በመንግሥት ዘንድ መነጋገሪያ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ኒኮል ሁለት ዓመት ሠርቶ በ1969 ለቀቀ፤ ፓርኩም በሕግ የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ቆይታውን የተረከበት መጽሐፍ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲታተም «ከአፍሪካ ጣሪያ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ነበረው።

መጽሐፉ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ቢሮ ቁጭ ብሎ የተጻፈ አይደለም። ሰውየው ከካናዳ የበረዶ ምድርና ከጃፓን የካራቴ ቤት ያለፈ፣ ጉልበቱን የማይሰስት ጎልማሳ ነው። ተራራውን በእግሩና በበቅሎ ያውቀዋል። ሲናደድ ይናደዳል፤ ንዴቱን በጨዋ ቋንቋ አይሸፍነውም። የሥራ ጅማሮ ምን ያህል አታካች እንደሆነም አይደብቅም። ሥራው እዚህ፣ ገንዘቡና ውሳኔው አዲስ አበባ! ይሄን ያየ ማንኛውም የወረዳ ሠራተኛ መጽሐፉን ሲያነብ «እኔን ነው እንዴ የጻፈው?» ማለቱ አይቀርም።

ችግሩ የሚመጣው ሰዉ ላይ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእጃችን ሲገባ ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ እሰጣቸው ነበር፦ ተራኪው ቤት ሲሠራ ድንጋዩን የሚያቀብለው ማን ነው? እሱስ ማታ የት ይገባል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ መጽሐፍ ግን ይወድቅበታል። ኒኮል ግማሹን ያልፋል፤ አብረውት የሚሠሩት ጠባቂዎች ለእሱ ሰዎች ናቸው። ከጥበቃው ውጭ ያለው ገበሬ ግን በአብዛኛው ከሩቅ የሚታይ መጥረቢያ፣ ጭስና ጠመንጃ ነው። ገደል ጫፍ የቆመችው ዋልያ ባለታሪክ ስትሆን፣ ገደሉ ሥር ገብስ የዘራው ሰው የታሪኩ እንቅፋት ሆኗል። ገበሬው እስከ ገደሉ አፋፍ ለምን እንዳረሰ፣ ልጁን ሲድር መሬቱን እንዴት እንደሚያካፍል፣ ክረምት ሲገባ በምን እንደሚሞቅ ብንጠይቅ ከመጽሐፉ የምናገኘው መልስ ጥቂት ነው። ሁለት ዓመት አገሩን ለመልመድ ይበቃል። ለሰዉ አይበቃም።

«ፈረንጅ ስለሆነ ነው» የሚል ካለ ቸኩሏል። በዚሁ በስሜን ሌላ ዓይነት እንግዳም ታይቷል። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የእፅዋት አዋቂ በ1837 ቅጠል ሊሰበስብ መጣ። የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ እንጢቾን እስከመሾም ድረስ አቀረቡት። አግብቶ ወልዶ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። አርባ ዓመት ማለት ነው! ኤድዋርድ ዛንደር የሚባለው ሠዓሊም እንዲሁ ውቤን፣ ቀጥሎም አፄ ቴዎድሮስን አገልግሎ እዚሁ ቀረ። ቴዎድሮስ በ1855 ከነገሡባት ከደረስጌ ማርያም ሥራ ጋር የሁለቱም ስም ይነሳል። እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን አልነበሩም። ግን የሚመለሱበት የኮንትራት ቀን አልነበራቸውም። ጎረቤት የሚያስፈልገውም ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

የሚገርመው ኒኮል ራሱ ይሄን በኋላ የተማረው መምሰሉ ነው። ከስሜን ከለቀቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ጃፓን ናጋኖ ውስጥ ኩሮሂሜ የምትባል ቦታ ሠፈረ። የተጎሳቆለ ደን ቁራሽ በቁራሽ እየገዛ፣ ከአካባቢው ደን አዋቂ ጋር ሆኖ መልሶ አለማው። በ1995 ጃፓናዊ ዜግነት ወሰደ፤ በ2020 እዚያው አረፈ። እዚያ ደን የዳነው ሰው ወጥቶለት አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ገብቶበት እንጂ። ስሜን ላይ ያልሞከረውን ኩሮሂሜ ላይ ኖረበት። ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ ሰው ከመጀመሪያው መጽሐፍ የጎደለውን ለማየት ሌላ ሃያሲ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ጊች እንምጣ።

ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ግድም፣ በደርግ ዘመን፣ ከገደሉ በታች የነበሩ መንደሮች በኃይል ተነሱ። በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተነሱት ጉዳዮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለው እርሻና ግጦሽ ነበር። በ2016 የጊች መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ታሪኩ በአራት መስመር ሲነገር ይሄው ነው።

የቢሮ ጽሑፎች የሚነግሩንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቋንቋቸውን ልብ በሉልኝ፦ «ተነሺ»፣ «ካሣ»፣ «አማራጭ የገቢ ምንጭ»፣ «በፈቃደኝነት»። ተነሺ! የሚነሳ እቃ ነው ወይስ ሰው? በገጠር አማርኛችን «አገርህ የት ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ኢትዮጵያ አይደለም፤ ቀበሌህን፣ አጥቢያህን፣ የአባትህ መቃብር ያለበትን ነው የሚጠይቁህ። በዚህ አማርኛ ለጊች ሰው ደባርቅ የሰው አገር ነው። ርቀቱ ከዌልስ እስከ ስሜን አይደርስም፤ ለውጡ ግን አያንስም። ገብስ የሚያጭድ ሰው እህል ሸማች ሆነ። በጉን ጓሳ ላይ ያሰማራ የነበረው፣ ከተማ ውስጥ በግ የት ያስራል? ቱሪስት ለበቅሎ ሲከፍል፣ ቤት ገብቶ ቡና ሲጠጣ የምትገኝ ጥቂት ብርም ነበረች። ከ2020 ጀምሮ ጦርነትና ግጭት ሲደራረብ እንግዳውም ጠፋ።

አዲስ ሥራ፣ አዲስ ቤት፣ አዲስ ጎረቤት፣ የማይገባ ልማድ። የኒኮል መጽሐፍ ጉዳይ ይሄው አልነበረም? ልዩነቱ አንዱ «ባለሙያ» ተብሎ ወጣ፤ ሌላው «ተነሺ» ተብሎ ወረደ። አንዱ ሲመርረው ለቀቀ፤ ሌላው ቢመርረው የሚመለስበት የለም።

የጊችን ሰዎች በዓለም አደባባይ ያነሳው ጊዮም ብላን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር ነው። በ2020 በፈረንሳይኛ፣ ኋላም በእንግሊዝኛ በወጣው መጽሐፉ ነገሩን «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ይለዋል። አውሮፓ ውስጥ የተራራ ገበሬ የቅርሱ አካል ተደርጎ ሲወደስ፣ አፍሪካ ውስጥ ግን ቅርስ አጥፊ ይባላል ነው ክርክሩ። መንግሥታችንንም ነፃ አላወጣም፤ የአፄው ሥርዓትም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ፓርኩን ለሥልጣናቸው መዘርጊያ ተጠቅመውበታል ይላል። ክርክሩ ብርቱ ነው። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ዱሮ እንግዳው ሲጽፍ ገበሬው ጥፋተኛ ነበር፤ ዛሬ እንግዳው ሲጽፍ ተበዳይ ሆነ። ሁለቱም ከጥያቄው ጋር ተያይዘው የመጡ ልብሶች ናቸው። ደግሞም የአፈሩ መሄድ ፈጠራ አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፓርኩን ያስተዳደረው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ዕድሜውን የሰጠው ለዚሁ ለአፈር መሸርሸር ጥናት ነው። የጊች ሰው ራሱ ስለ አፈሩ ምን እንደሚል፣ የቱን ያምናል የቱን ይክዳል፣ በራሱ አንደበት ብንሰማው ከሁለቱም የተለየ ነገር ሊመጣ ይችላል። በዳይም ተበዳይም ብቻ ያልሆነ፣ የሚያስብ፣ የሚሳሳት፣ የሚቀልድ ሰው።

«ይሄ ሁሉ ለአንዲት መንደር?» የሚል አይጠፋም። ለአንዲት መንደር ብቻ አይደለም። በዚያው መንገድ ዳባት አጠገብ፣ አለምዋጭ ላይ፣ ከ2021 ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች ሠፍረዋል። በጦርነቱ የተፈናቀሉትን ደባርቅ ተቀብላለች። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ካሉት መካከል ስንቱ አዲስ ቤት እየለመደ ነው? እንግዲህ መስፈር የዘመናችን ዋና ታሪክ ሆኗል። «ሰፈር» የሚለው ቃላችን ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው የወጣ ነው። መጻሕፍታችን ግን አሁንም ወደ ውጭ ስለሄደ ሰው ሲሆን እንጂ ከተራራ ወርዶ ወረዳ ከተማ ስለገባ ሰው ብዙ አይጨነቁም። ውጭ አገር የሄደው ዘመድ ናፍቆቱን ይጽፋል፤ እኛም እናነባለን። የአርባ ኪሎ ሜትሩ ናፍቆት ናፍቆት አይመስለንም መሰል።

በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም የተጻፈለትን ተራራ በአማርኛ የሚጽፍልን ማን ነው? እኔ አይደለሁም፤ ከአዲስ አበባ ሆኜ ብሞክረው ያው ሦስተኛ እንግዳ መሆኔ ነው። በ2016 ከእናቱ ጋር የቤት እቃ ተሸክሞ ደባርቅ የገባ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ዛሬ ሃያን ዘሏል። የመጀመሪያዋን ሌሊት ያስታውሳል። ጎረቤቶቹ የመጡባትን ቀን፣ ያልመጡባትንም ቀን ያስታውሳል። ጋዜጦቻችን ገጽ ይስጡት፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ጻፍ ይበሉት። እኛ ደግሞ ለፈረንጁ መጽሐፍ ያዋስነውን ትዕግሥት ያህል ለእሱም እናቆይለት።