አጥርና ስንኝ፤ ስለ ሄልፕስተን አጥቢያና ስለ ጆን ክሌር ግጥሞች

ሄልፕስተን ከእንግሊዝ አገር በስተምሥራቅ፣ ከፒተርቦሮ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ አነስተኛ የገጠር አጥቢያ ናት። ቤቶቿ ባካባቢው በሚወጣው የኖራ ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። በመንደሪቱ መካከል አንድ ጥንታዊ የድንጋይ መስቀል ቆሟል፤ ከዚያው አቅራቢያ በ1869 ለገጣሚው ለጆን ክሌር መታሰቢያ የተሠራ ሐውልት ይታያል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገጣሚው የተወለደባት የሣር ክዳን ቤት በ2005 በስሙ በተቋቋመ ማኅበር ተገዝታ ከታደሰች በኋላ ለጎብኚ ክፍት ሆናለች። በየዓመቱ በሐምሌ ወር፣ በልደቱ ሰሞን፣ የመንደሩ ሕፃናት ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር ላይ የሜዳ አበባ ሰክተው መቃብሩን ይከቡታል።

እነዚህ ሁሉ የሚያስደስቱ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ኅብረተሰብ ቅርሱን ሲጠብቅ ከቅርሱ የትኛውን ክፍል እንደሚጠብቅና የትኛውን ክፍል ዝም እንደሚያሰኝ መጠየቅ የሂስ ሥራ ነው። በሄልፕስተን የተጠበቀው ቤቱ፣ መቃብሩና ስሙ ነው። ክሌር የጻፈላት ሄልፕስተን ግን ገና በሕይወት ሳለ ጠፍታበታለች። ከ1809 በኋላ የተጻፉት ታላላቅ ግጥሞቹ የዚያች የጠፋች አጥቢያ መዝገብ ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ምን እንደጠፋ በቅድሚያ መናገር ያስፈልጋል። ክሌር በ1793 ሲወለድ የአጥቢያዋ እርሻ በሦስት ሰፋፊ ሜዳዎች የተከፈለ ነበር፤ ሎልሃም ብሪጅ፣ ሂዝና ዉድክሮፍት ይባሉ ነበር። በየሜዳው ውስጥ የየባለይዞታው መሬት ቀጫጭንና ረጃጅም ሆኖ፣ ያለ አጥር፣ ያንዱ ከሌላው ጎን ለጎን ተሠባጥሮ ይገኛል። ከሦስቱ ሜዳዎች አንዱ በየተራ ጦሙን ያድራል። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ሜዳው ለከብት ይለቀቃል፤ ድኾች ቃርሚያ ይቃርማሉ። ከዚህም ሌላ የወል ግጦሽና ጫካ ቀመስ ሜዳ ነበር። መሬት የሌለው ሰው እንኳ ከዚያ ላይ ጥቂት ከብት ወይም ዝይ ያሰማራ፣ ማገዶም ይለቅም ነበር። ይህ መብት በአብዛኛው በልማድ እንጂ በወረቀት የጸና አልነበረም። በዚያ ሥርዓት ደግሞ መሬት ከሌለው ሰው የሚበልጡ ባለጸጎችና ባላባቶች ነበሩና ዘመኑን እንደ ገነት መቁጠር ስሕተት ነው፤ ክሌርም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ስሕተት ላይ ይወድቃል።

በ1809 የእንግሊዝ ፓርላማ ሄልፕስተንንና በዙሪያዋ ያሉትን አጥቢያዎች የሚመለከት የማጠር ሕግ አወጣ። አሠራሩ ከደም ይልቅ በቀለም የተፈጸመ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ሲታሰብ ማስታወቂያው በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይለጠፋል፤ የባለመሬቶች ድምፅ የሚመዘነው በሰው ቁጥር ሳይሆን በመሬታቸው ዋጋ ነው፤ ከዚያ ኮሚሽነሮች ይሾማሉ፤ ቀያሾች ሰንሰለታቸውን ይዘው ይመጣሉ። የየሰው ድርሻ ተለይቶ ባንድ ቦታ ይሰጠዋል፣ ይታጠራል። በወረቀት ማስረዳት የማይችለው ሰው ድርሻ የለውም። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ እንዲህ ያሉ ከ5,200 በላይ ሕጎች ወጥተው 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት፣ ማለትም ከእንግሊዝ አንድ አምስተኛ የሚበልጥ፣ ታጥሯል። የሄልፕስተን የመጨረሻ ድልድል የጸደቀው በ1820 ነው። በዚያው ዓመት የክሌር የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፍ በለንደን ታተመ። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የተጀመረው ሥራ 27 ዓመት ሲሞላው ተፈጸመ ማለት ነው። በመካከሉ እሱ ራሱ እንጀራ ፍለጋ ለቀን ሥራ ተቀጥሮ አጥር ሲተክልና የእሾህ ችግኝ ሲደረድር ቆይቷል።

እዚህ ላይ ስለ ትርጉም አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንዳንድ ግጥሞቹን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር በመጀመሪያ ያሰናከለኝ «አጥር» የሚለው ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ አጥር የሚያስታውሰው ጎጆን ከጅብ፣ ቡቃያን ከከብት የሚጠብቅ መልካም ነገር ነው። ባለአጥር ሰው ጥንቁቅ ሰው ነው። በክሌር ግጥም ውስጥ ያለው ግን የሰው እግር ለዘመናት የረገጠውን መንገድ የሚዘጋ፣ ማለፍ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ የሚተክል አጥር ነው። ስለዚህ ከ«ማጠር» ይልቅ «መከልከል» ይሻላል ብዬ ደመደምኩ፤ «መከለል» እና «መከልከል» በድምፃቸው መቀራረባቸውም ለገጣሚ ትንሽ ስጦታ ነው።

«ገበሬው ገጣሚ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ከዚህ የባሰ ጣጣ አለው። አሳታሚው ጆን ቴይለር በ1820 መጽሐፉን ሲያወጣ በርእሱ ገጽ ላይ ደራሲውን የኖርዛምተንሻየር ገበሬ ብሎ አስተዋወቀው። ለለንደን አንባቢ ይህ እንደ ትርዒት ነበር፤ መጽሐፉም ባጭር ጊዜ ውስጥ በተደጋጋሚ ታተመ። በአማርኛ ግን ገበሬ የምንለው በሬ የሚጠምድ፣ በሰው መሬት ላይ ቢሆን እንኳ ሞፈርና ቀንበር ያለውን ሰው ነው። ክሌር ሞፈርም ቀንበርም አልነበረውም። አባቱ ፓርከር ክሌር በበትር እህል እየወቃ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ነበር፤ በጠጅ ቤትም የሕዝብ ዘፈኖችን በማዜም ይታወቅ ነበር። እናቱ ፊደል አልቆጠረችም። ልጃቸው ለአቅሙ የምትመጥን ቀላል መውቂያ በትር ተበጅታለት ከአባቱ ጎን ቆሞ ወቅቷል፤ ከዚያም ጠጅ ቤት ተላላኪ፣ አትክልተኛ፣ ኖራ አቃጣይ ሆኗል። እንግዲህ ክሌር ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር የገጠር ወዛደር ነው እንጂ ገበሬ አይደለም። ይህን ካላስተዋልን የመሬት ናፍቆቱን የባለመሬት ናፍቆት አድርገን እንተረጉመዋለን። እሱ የናፈቀው የራሱ የሆነውን መሬት አይደለም፤ የማንም ብቻ ስላልነበረ የእሱም የነበረውን መሬት ነው።

ከዚህ የተነሣ «የተፈጥሮ ገጣሚ» የሚለውም ስም ሙሉ አይሆንም። ክሌር ወፍ ሲገልጽ ጎጆዋ ከየትኛው ቁጥቋጦ ሥር እንደሆነ፣ እንቁላሏ ምን ዓይነት ነጠብጣብ እንዳለው፣ ሰው ሲቀርብ በየት በኩል እንደምትሸሽ ይነግረናል። ከኮረብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ የጎብኚ ዐይን የለውም፤ ጎንበስ ብሎ፣ አረም እያረመ ወይም ከብት እየጠበቀ ያየ ሰው ነው። ጆን ባረል የተባለው ሐያሲ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ከእርሻው ሥርዓት ጋር አያይዞታል። ከመንደሩ በክብ የሚዘረጉት ሜዳዎች የክብ ዕውቀት ይወልዳሉ፤ ቀጥ ያለው አጥርና ቀጥ ያለው አውራ ጎዳና ደግሞ ስፍራን የመሄጃ መሥመር ብቻ ያደርጉታል። ክሌር በልጅነቱ የዓለምን ጠርዝ ለማየት ብሎ ጫካ ቀመሱን ሜዳ አቋርጦ ሲሄድ የማያውቃቸው አበቦችና ወፎች ዘንድ ደርሶ ግራ እንደተጋባ ጽፏል። ለእሱ ዕውቀት ወሰን ያለው አገር ነበረ። ሜዳው ሲታጠር የጠፋው ግጦሽ ብቻ ሳይሆን ይህ የዕውቀት አገር ነው። የባረልን ሐሳብ በዚህ መልክ ብቀበለውም፣ የሜዳ ቅርጽ ብቻውን ገጣሚ አይፈጥርም፤ በዚያው ሜዳ የኖሩ ሌሎች ብዙ ሰዎች አልጻፉምና።

ስለ ቋንቋው የተነሣው ክርክር በተለይ የቋንቋ መምህራንን ይመለከታል። ክሌር የሚጽፈው ባካባቢው አነጋገር ነው። ቀንድ አውጣን «ፑቲ» ይላታል፤ ውሃ በብርድ ገጹ ሲቆረፍድ «ክሪዝል» ይላል። ሥርዓተ ነጥብ አይወድም። ቴይለር ፊደሉን አቀና፣ ነጥቡን አኖረ፣ ያካባቢውን ቃል ባብዛኛው ቀነሰ፤ በ1827 ከታተመው የእረኛው የቀን መቁጠሪያ ውስጥም እጅግ ብዙ ስንኝ ቆረጠ። ሎርድ ራድስቶክ የተባለው ደጋፊው ደግሞ ስለ ሀብትና ስለ ሀብታሞች በምሬት የሚናገሩት ስንኞች ከመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲወጡ አስገደደ፤ በኋለኛው እትም ወጡ። ገጣሚው ከባላባቶች በሚሰጠው ድርጎ ጭምር በዓመት 45 ፓውንድ ያህል እያገኘ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበረና እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። በ1964 ኤሪክ ሮቢንሰንና ጄፍሪ ሰመርፊልድ የእጅ ጽሑፉን እንዳለ፣ ያለ ነጥብ አሳተሙት። እኔ ይህን ሥራ አደንቃለሁ፤ ነገር ግን የገጣሚውን የፊደል ግድፈት ሁሉ እንደ ቅዱስ ነገር መጠበቅ ራሱ ሌላ ዓይነት ትርዒት እንዳይሆን እሰጋለሁ። ክሌር ነጥቡን ለቴይለር የተወበት ጊዜ ነበረ። ቃሉን ግን በፈቃዱ አልሰጠም። ነጥብ መጨመርና ቃል መለወጥ አንድ ዓይነት ጥፋት አይደሉም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ጉዳይ አለ። በ1965 የክሌርን ያልታተሙ ሥራዎች መብት አንድ ምሁር ከቀድሞዎቹ አሳታሚዎች ወገን በ1 ፓውንድ ገዛ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሌሎች አሳታሚዎች ግጥሞቹን ከእጅ ጽሑፍ ለማውጣት ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነባቸውና በሐያስያን መካከል ከባድ ክርክር ተነሣ። መታጠርን ሲያለቅስ የኖረ ሰው ስንኞቹም ታጠሩበት የሚሉ ነበሩ። ነገሩ ለቀልድ ይመቻል፤ ሆኖም ያው ሥራ ባይሠራ ኖሮ የምናነበው የቴይለርን ክሌር ብቻ ይሆን ነበር።

ለእኔ ለተውኔት ጸሐፊው ከሁሉ በላይ የሚያስቀናኝ ስለ ሶርዲ ዌል የጻፈው ግጥም ነው። ሶርዲ ዌል በሄልፕስተን ዳርቻ የሚገኝ አሮጌ የድንጋይ መፈልፈያ ስፍራ ነው። ድልድሉ ሲደረግ ለአጥቢያው የመንገድ ጥገና ድንጋይ እንዲወጣበት ተሰጠ። ክሌር በግጥሙ መሬቱን ራሱን ተናጋሪ ያደርገዋል። መሬቱ የሚናገረው ግን እንደ አምላክ ወይም እንደ እናት አይደለም፤ ያጥቢያን ምጽዋት እንደሚጠብቅ ድኻ ነው። ቆዳውን የተገፈፈ፣ ንቡና ጥንቸሉ መጠጊያ ያጣበት፣ የሚያለብሰው ሣር የሌለው፣ ለልመና እንኳ ኩራቱ ያልፈቀደለት ድኻ። በዚህ ዘዴ የመሬቱ መራቆትና የሠራተኛው መራቆት ንጽጽር ሳይሆኑ አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ገጣሚው «እኔ» ብሎ ቢያለቅስ ኖሮ እናዝንለት ነበር፤ መሬቱ «እኔ» ሲል ግን ማን እንዳደረገው እንጠይቃለን።

ኤድዋርድ ቦንድ በ1975 በለንደኑ ሮያል ኮርት ቴአትር ያሳየው «ሞኙ» የተባለው ተውኔት የክሌርን ሕይወት ለመድረክ አብቅቷል። አከፋፈቱ ድንቅ ነው፤ የመንደሩ ሠራተኞች ለገና በባላባቱ ቤት ባህላዊ ጨዋታ ያሳያሉ፣ ጌቶቹ ይስቃሉ፣ ምጽዋት ይጥላሉ። ሌላው የማይረሳ ትዕይንት የለንደኑ ነው። ባንድ ወገን ሁለት ቦክሰኞች ለገንዘብ ይፋለጣሉ፤ በሌላው ወገን ክሌር ከደጋፊዎቹ ጋር ስለ ግጥሙ ይነጋገራል። የትኛው እንደሚደማ ተመልካቹ ይፈርዳል። ቅሬታዬ በዓመፁ ላይ ነው። ቦንድ ለገጣሚው መንደር የሰጣት ረብሻና ስቅላት በ1816 በሊትልፖርት ተነሥቶ አምስት ሰዎች የተሰቀሉበትን ረብሻ የሚያስታውስ ነው። መድረክ ደም ይወዳል፤ ይገባኛል፣ እኔም ያው በሽታ አለብኝ። ነገር ግን የሄልፕስተን ግፍ ልዩነቱ ጸጥታው ነው። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ በሚስማር ስለተመታች ወረቀት እንዴት ትዕይንት ይጻፋል? ይህን ጥያቄ ቦንድ አልመለሰውም፤ የሶርዲ ዌል ግጥም ግን መልሶታል።

ሦስተኛውም ስም «እብዱ ገጣሚ» ነው። ክሌር በ1832 ከሄልፕስተን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ኖርዝቦሮ ተዛወረ። ቤቱን የሰጡት የአካባቢው ዋና ባለመሬቶች የሆኑት ፊትዝዊልያሞች ናቸው፤ ከድልድሉም የተጠቀሙት እነሱ ነበሩ። በ1837 በኤፒንግ ጫካ አጠገብ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገባ። በ1841 ከዚያ አምልጦ፣ የመንገድ ዳር ሣር እየበላ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ቀን ተጉዞ ቤቱ ደረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ኖርዛምተን ሕሙማን ቤት ተወስዶ በ1864 እስኪሞት ድረስ በዚያ ኖረ። አንዳንድ ተራማጅ ሐያስያን አጥሩ አሳበደው ይላሉ። ከሕጉ እስከ ሕመሙ 28 ዓመት አለ፤ በዚህ መካከል ረኃብ፣ የመጽሐፍ ገበያ መቀዝቀዝ፣ የልጆች ብዛትና የደጋፊዎች መሰላቸት አሉ። እንዲህ ያለ ቀጥተኛ መደምደሚያ ሰውየውን ወደ ምሳሌነት ይለውጠዋል እንጂ አያስረዳውም።

አስከሬኑ ወደ ሄልፕስተን መጥቶ በቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ገጣሚነት የልደት እንጂ የሥራ ውጤት አይደለም የሚል ጥንታዊ አባባል ተቀርጾበታል። ለማክበር ብለው ነው፤ ግን በዚህ ሰው ላይ ከዚህ የከፋ ስድብ አላውቅም። በ13 ዓመቱ የቶምሰንን የግጥም መጽሐፍ ስታምፎርድ ከተማ ድረስ ሄዶ የገዛ፣ ለማንበብ የባላባቱን ግቢ ግንብ የዘለለ፣ የጻፈው ከ3,000 ግጥም የሚበልጥ ሠራተኛ ነው። ጌቶች የድኻን ጥበብ ተፈጥሮ ብለው ሲጠሩት ደመወዝ አይከፈልበትም።

ሕፃናቱ በመቃብሩ ዙሪያ የሚደረድሩት የአበባ ትራስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልማዱ ከድሮ የመንደሩ ሰዎች ነው፤ በበጋ ከሜዳ አበባ ያለበትን ሣር ቆርጠው ቤታቸው ያስቀምጡት ነበር። ክሌር የመጨረሻ መጽሐፉን በዚህ ልማድ ስም ሊጠራው ፈልጎ አሳታሚው ስላልወደደው በ1835 በሌላ ስም ወጣ፤ ራሱ ያዘጋጀው ስብስብ በፈለገው ስም የታተመው በ1979 ነው። ሶርዲ ዌልም በሃያኛው ክፍለ ዘመን የቆሻሻ መጣያና የመኪና መወዳደሪያ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በ2003 ባካባቢው ሰዎች የተቋቋመ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ገዝቶታል። አሁን አበባ ይበቅልበታል፤ በጎችም ይግጡበታል።